የመኪና የፊት ሰስፔንሽን ድምፅ

የፊት ሰስፔንሽን ድምፅ የመኪናን የፊት ጎማዎች ከአካሉ ጋር የሚያያይዙት ክፍሎች ሲላሉ፣ ሲያልቁ ወይም ሲደርቁ የሚሰማ የማንኳኳት፣ የመፋጨት ወይም የሲጥሲጥታ ድምፅ ነው። ድምፁ የብልሽት ምልክት ነው፤ የትኛው ክፍል እንደተበላሸ ግን ብቻውን አይናገርም። አንድ ዓይነት «ኳ» የሚል ድምፅ በጥቂት ብር ከሚለወጥ የስታብላይዘር ማገናኛ ሊመጣ ይችላል፤ ጎማውን ከቦታው ሊያወጣ ከሚችል ከተበላ ቦል ጆይንትም ሊመጣ ይችላል። በዚህ ምክንያት ዕቃ ከመለወጥ በፊት የድምፁን ምንጭ ማረጋገጥ የጥገናው ዋና ክፍል ነው።

ጉዳዩ ረጅም ቁልቁለትና ጠመዝማዛ ባለባቸው መንገዶች ላይ ይበልጥ ያሳስባል። በኢትዮጵያ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው በደጀንና በጎሐ ጽዮን መካከል የዓባይን ሸለቆ የሚያቋርጠው መንገድ ነው።

የፊት ሰስፔንሽን ክፍሎች

ሰስፔንሽን ሁለት ሥራዎች አሉት። አንደኛው ጎማው ከመንገዱ ሳይለቅ ጉብታውንና ጉድጓዱን እንዲከተል ማድረግ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ንዝረቱ ወደ መኪናው አካልና ወደ ተሳፋሪው ሳይደርስ እንዲበርድ ማድረግ ነው። በፊት በኩል የሚገኙት ዋና ዋና ክፍሎች የሚከተሉት ናቸው።

• ሞላ፦ የመኪናውን ክብደት የሚሸከም ጥቅል ብረት ነው። በጭነት መኪናዎች ላይ በእሱ ፋንታ ተደራራቢ ጠፍጣፋ ብረት፣ ማለትም ባሌስትራ ይገኛል።
• ሾክ አብዞርበር፦ በጋራዥ አሞርዛተር ይባላል። ውስጡ ያለው ዘይት በጠባብ ቀዳዳ እንዲያልፍ በማስገደድ የሞላውን መዋዠቅ ወደ ሙቀት ይለውጣል።
• አርም፦ ጎማውን ከአካሉ ጋር የሚያያይዝና ወደ ላይና ወደ ታች ብቻ እንዲንቀሳቀስ የሚፈቅድ የብረት ክንድ ነው።
• ቡሽ፦ አርሙ ከአካሉ ጋር በሚታሰርበት ቦታ የሚገባ ጎማ ነው። ብረት ከብረት ጋር እንዳይነካካ ያደርጋል።
• ቦል ጆይንት፦ እንደ ሰው የዳሌ መገጣጠሚያ በተለያየ አቅጣጫ የሚዞር፣ አርሙን ከጎማው ተሸካሚ ጋር የሚያገናኝ ክፍል ነው።
• ታይሮድ፦ የመሪውን እንቅስቃሴ ወደ ጎማው የሚያስተላልፍ ዘንግ ነው። ጫፉ ላይ አነስ ያለ ቦል ጆይንት አለው።
• ስታብላይዘር፦ የግራና የቀኝ ጎማን የሚያገናኝ የታጠፈ ዘንግ ሲሆን፣ መኪናው ኩርባ ላይ እንዳያጋድል ያግዛል። ከሁለቱም በኩል በአጭር ማገናኛ ይታሰራል።

በኢትዮጵያ ጋራዦች ከሚነገሩት ቃላት ብዙዎቹ ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። ሞላ፣ ባሌስትራ፣ ፍሬን፣ ክሪክ፣ ቡሎንና ዳዶ ከእነዚህ መካከል ናቸው። ቡሽ፣ ቦል ጆይንትና ስታብላይዘር ደግሞ ከእንግሊዝኛ የገቡ ናቸው።

በአነስተኛ የቤት መኪናዎች ላይ በብዛት የሚታየው አሠራር በአሜሪካዊው መሐንዲስ ኧርል ማክፈርሰን ስም ይጠራል። በዚህ አሠራር ሞላውና ሾክ አብዞርበሩ አንድ ላይ ተገጥመው ቀጥ ብለው ይቆማሉ፤ ከታች አንድ አርም ብቻ ይኖራል። ቶዮታ ኮሮላና ቪትዝ በፊት በኩል ይህን አሠራር ይጠቀማሉ። እንደ ሃይሉክስ ያሉ መኪናዎች ላይ ግን በአብዛኛው የላይና የታች ሁለት አርሞች አሉ። ልዩነቱ ለፍተሻ አስፈላጊ ነው፤ ምክንያቱም መኪናው በክሪክ የሚነሳበት ቦታ እንደ አሠራሩ ይለያያል።

የዓባይ ሸለቆ መንገድና የፊት ጎማዎች ጫና

ደጀን በምሥራቅ ጎጃም፣ በዓባይ ሸለቆ ሰሜናዊ አፋፍ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚሄድ መኪና ጎሐ ጽዮን ላይ መውረድ ይጀምራል፤ ወንዙን ተሻግሮ እንደገና በመውጣት ደጀን ላይ ደጋውን ያገኛል። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ከአፋፉ እስከ ወንዙ ያለው የከፍታ ልዩነት ከ1,000 ሜትር ይበልጣል። በሸለቆው ወለል 303 ሜትር ርዝመት ያለውና እ.ኤ.አ. በ2008 በጃፓን መንግሥት ድጋፍ ተሠርቶ የተከፈተው የህዳሴ ድልድይ ይገኛል።

የሸለቆው ግድግዳ በላይኛው ክፍል ባዛልት፣ ከሥሩ ደግሞ የኖራ ድንጋይ፣ ጂፕሰምና አሸዋማ ድንጋይ የተነባበሩበት ነው። በዝናብ ወቅት መሬቱ በየቦታው ስለሚንሸራተት አስፋልቱ ይሰነጠቃል፣ ይሰምጣል፣ እንደ ማዕበልም ይዛባል። የጃፓን ዓለም አቀፍ ትብብር ኤጀንሲ (ጃይካ) ከኢትዮጵያ ጋር በመሆን የዚህን ሸለቆ የመሬት መንሸራተት ለመቋቋም የሚያስችል ሥራ ያከናወነው በዚሁ ምክንያት ነው። ለመኪና ሰስፔንሽን እንዲህ ዓይነቱ የተዛባ ገጽ ከአንድ ትልቅ ጉድጓድ ያላነሰ አድካሚ ነው፤ ክፍሎቹን ያለማቋረጥ ያሠራቸዋልና።

ከዚህ ላይ ቁልቁለቱ ይጨመራል። መኪና ሲወርድና ፍሬን ሲይዝ ክብደቱ ወደ ፊት ጎማዎች ይዛወራል። ለምሳሌ 1,100 ኪሎ ግራም የሚመዝን፣ በፊትና በኋላ ጎማዎቹ መካከል 2.6 ሜትር ርቀት ያለው፣ የክብደት ማዕከሉም ከመሬት 0.55 ሜትር ከፍ ያለ መኪና ይወሰድ። በ7 ከመቶ ቁልቁለት ላይ 16 ኪሎ ግራም ያህል ከኋላ ወደ ፊት ይሸጋገራል። ሾፌሩ ፍሬን ይዞ ፍጥነቱን በየሰከንዱ በ3 ሜትር በሰከንድ ቢቀንስ ሌላ 71 ኪሎ ግራም ያህል ይጨመራል። ሁለቱ ሲደመሩ የፊት ጎማዎች ሜዳ ላይ ከሚሸከሙት በላይ አንድ ትልቅ ሰውን የሚያህል ተጨማሪ ጭነት ይሸከማሉ ማለት ነው። ኩርባ ላይ ሲሆን ከዚህ ጭነት አብዛኛው በውጭ በኩል ባለው አንድ ጎማ ላይ ይወድቃል።

ሜዳ ላይ ዝም ብሎ የቆየ የላላ ክፍል ዓባይ በረሃ ውስጥ «መናገር» የሚጀምረው ለዚህ ነው። ፍሬን ሲያዝ አርሙ ወደ ኋላ፣ ፍሬን ሲለቀቅ ወደ ፊት ይገፋል፤ ቡሹ ካለቀ በእያንዳንዱ ጊዜ «ኳ» ይላል። የአየሩም ልዩነት የራሱ ድርሻ አለው። በደጀን ደጋ ብርድ ጠዋት ላይ የጠነከረ ቡሽ ሲጥ ሲጥ ሊል ይችላል፤ ከታች ቆላው ውስጥ ሲሞቅ ደግሞ ድምፁ ሊጠፋ ይችላል። የጠፋው ድምፅ ግን የተስተካከለ ክፍል አለ ማለት አይደለም።

ድምፁን ከሁኔታው መለየት

ፍተሻ የሚጀምረው ከመኪናው በታች ከመግባት በፊት ነው። ድምፁ መቼ፣ በየትኛው ፍጥነት፣ መሪው ወዴት ሲዞር፣ ፍሬን ሲያዝ ወይስ ሲለቀቅ እንደሚሰማ መመዝገብ የሚጠረጠሩትን ክፍሎች ቁጥር ይቀንሳል።

• በዝግታ ሲኬድ በትናንሽ ጉብታዎች ላይ የሚሰማ ቀላልና ተደጋጋሚ «ኮሽ ኮሽ»፦ በአብዛኛው የስታብላይዘር ማገናኛ ወይም የስታብላይዘሩ ጎማ ነው።
• አንድ ጎማ ጉድጓድ ሲገባ የሚሰማ ወፍራም «ድው»፦ የደከመ ሾክ አብዞርበር፣ የላይኛው መቀመጫው ወይም ያለቀ ቦል ጆይንት ሊሆን ይችላል።
• ፍሬን ሲያዝና ሲለቀቅ አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰማ «ኳ»፦ የአርም ቡሽ ወይም በቦታው የላላ የፍሬን ሸራ ነው።
• መኪናው ቆሞ መሪ ሲዞር የሚሰማ «ጧ» ወይም የሞላ መፈናጠር፦ በማክፈርሰን አሠራር የላይኛው መቀመጫ ኩሽኔታ ይጠረጠራል።
• መሪ ሲዞር ወይም አካሉ ሲወርድና ሲወጣ የሚሰማ ሲጥሲጥታ፦ የደረቀ ቡሽ ወይም ቅባቱ ያለቀበት ቦል ጆይንት ነው።

ሰስፔንሽን የሚመስሉ ሌሎች ድምፆች

ከፊት በኩል የሚመጣ ድምፅ ሁሉ የሰስፔንሽን አይደለም። መሪው እስከ መጨረሻው ዞሮ መኪናው ሲንቀሳቀስ የሚሰማ ተከታታይ «ቀጭ ቀጭ» ኃይልን ወደ ፊት ጎማ ከሚያደርሰው ዘንግ መገጣጠሚያ ይመጣል። ከፍጥነት ጋር እየጨመረ የሚሄድ የማያቋርጥ ጉርምርምታ የጎማ ኩሽኔታ ምልክት ነው። በፍሬን ዲስኩና ከኋላው ባለው ስስ ብረት መካከል የገባ ጠጠር ኃይለኛ የመፋጨት ድምፅ ያሰማል፤ ጠጠሩ ሲወጣ ድምፁም ያበቃል። በደንብ ያልታሰረ ክሪክ፣ የላላ ታርጋ ወይም የጭስ ማውጫ መሸፈኛም ብዙ ሾፌሮችን ያሳስታል። ወጪ የማያስከትሉት እነዚህ ነገሮች በቅድሚያ ይታያሉ።

በኤሌክትሪክ መኪኖች ላይ የሞተር ድምፅ ስለማይኖር ትንሹም የሰስፔንሽን ድምፅ ጎልቶ ይሰማል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከከለከለች በኋላ ይህ ልዩነት በብዙ ሾፌሮች ዘንድ እየታወቀ መጥቷል። ባትሪው ከባድ በመሆኑም የሰስፔንሽኑ ክፍሎች የሚሸከሙት ጭነት ከተመሳሳይ መጠን የቤንዚን መኪና ይበልጣል።

የፍተሻ ቅደም ተከተል

1. በዓይን ማየት። የሾክ አብዞርበሩ አካል በዘይት ከራሰ ማኅተሙ ፈስሷል። የቦል ጆይንት ጎማ ሽፋን ከተቀደደ ቅባቱ ወጥቶ አቧራና ውኃ ገብቷል ማለት ነው። የሞላው ጫፍ ተሰብሮ እንደሆነ፣ ቡሹም ከብረቱ ተላቆ እንደሆነ ይታያል። ጎማው በአንድ ጠርዝ ብቻ ወይም በየቦታው ተለያይቶ ከተበላ ለላላ ክፍል ተጨማሪ ማስረጃ ነው።

2. አካሉን መጫን። የመኪናው የፊት ማዕዘን በኃይል ተጭኖ ይለቀቃል። ደህና ሾክ አብዞርበር አካሉን አንዴ መልሶ ያረጋጋዋል። መኪናው ደጋግሞ ከተወዛወዘ ሾክ አብዞርበሩ ደክሟል። ይህ ሙከራ በጣም የደከመውን ብቻ ስለሚያሳይ፣ መኪናው ስላልተወዛወዘ ብቻ ሾክ አብዞርበሩ ደህና ነው ማለት አይቻልም።

3. በክሪክ ማንሳት። መኪናው በጠንካራና ደልዳላ መሬት ላይ ይቆማል፣ የእጅ ፍሬን ይያዛል፣ ለኋላ ጎማዎች ታኮ ይደረጋል። ክሪክ ለማንሳት እንጂ ደግፎ ለማቆየት የተሠራ ስላልሆነ ከአካሉ ሥር ጠንካራ መደገፊያ ሳይገባ ማንም ሰው ከመኪናው ሥር መግባት የለበትም።

4. ጎማውን መነቅነቅ። ጎማው ከላይና ከታች ተይዞ ይነቀነቃል። ከተላወሰ ሌላ ሰው የእግር ፍሬን እንዲይዝ ይደረጋል። ፍሬን ሲያዝ መላወሱ ከጠፋ ችግሩ የጎማ ኩሽኔታ ነው፤ ካልጠፋ ቦል ጆይንቱ ይጠረጠራል። ከዚያ ጎማው በግራና በቀኝ ተይዞ ይነቀነቃል። በዚህ አቅጣጫ ብቻ የሚላወስ ከሆነ ታይሮዱ ይፈተሻል።

5. ቦል ጆይንቱን ከጭነት ነጻ ማድረግ። ቦል ጆይንት የሞላው ኃይል ካረፈበት ቢላላም ጠንካራ ይመስላል። በማክፈርሰን አሠራር መኪናው ከአካሉ ተነስቶ ጎማው ተንጠልጥሎ ይፈተሻል። ሞላው በታችኛው አርም ላይ በሚያርፍበት አሠራር ግን ክሪኩ ከአርሙ ሥር ገብቶ ጎማው ጥቂት ብቻ ከመሬት ይነሳል። ከዚያ ረጅም የብረት ዘንግ ከጎማው ሥር ገብቶ ወደ ላይ ይገፋል። ይህን ልዩነት ሳያውቁ የሚደረግ ፍተሻ ያለቀን ቦል ጆይንት ደህና ነው ብሎ ሊያሳልፍ ይችላል።

6. ስታብላይዘሩን መፈተሽ። አንድ ጎማ ብቻ ሲነሳ ስታብላይዘሩ ስለሚወጠር የማገናኛው መላላት አይታይም። ሁለቱም የፊት ጎማዎች እኩል ተነስተው ማገናኛው በእጅ ይነቀነቃል።

7. በእጅ መዳሰስ። መኪናው መሬት ላይ ቆሞ፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ አንድ ሰው መሪውን ቀስ እያለ ሲያዞር ሌላው ከውጭ ሆኖ ጣቱን በየመገጣጠሚያው ላይ ያሳርፋል። ድምፅ በብረት ውስጥ ስለሚጓዝ ጆሮ ይሳሳታል፤ ምቱ ከሁሉ በላይ ለጣት የሚሰማበት ቦታ ግን ብዙ ጊዜ ምንጩ ነው።

ጥገና

የተበላሸው ክፍል ከተለየ በኋላ በጥገናው ወቅት የሚፈጸሙ ስህተቶች ድምፁን በጥቂት ሳምንት ውስጥ ሊመልሱት ይችላሉ። ከእነዚህ አንዱ የአርም ቡሽን ቡሎን መኪናው በክሪክ እንደተነሳ ማጥበቅ ነው። ቡሹ ጎማው ተንጠልጥሎ ሳለ ከታሰረ መኪናው መሬት ላይ ሲያርፍ ዘወትር እንደተጠማዘዘ ይቆያል፤ ቶሎም ይቀደዳል። ትክክለኛው መንገድ ቡሎኑን በመጠኑ ካሰሩ በኋላ መኪናውን በጎማዎቹ ላይ አሳርፎ ማጥበቅ ነው።

ሌላው የተለመደ መላ በሚጮኸው ቡሽ ላይ የተቃጠለ ዘይት ማፍሰስ ነው። ድምፁ ለጊዜው ይጠፋል፤ የማዕድን ዘይት ግን ጎማን ያሳብጣል፣ ያለሰልሳል። ታሽጎ ለተሠራ ቦል ጆይንትም ከውጭ ግሪስ መቀባት አይጠቅምም፤ የተበላው ብረት ተመልሶ አይሞላምና።

ሾክ አብዞርበሮች ግራና ቀኝ አንድ ላይ ይለወጣሉ፤ አንዱ ብቻ አዲስ ከሆነ መኪናው ፍሬን ሲይዝና ሲዞር በሁለቱ ጎኖች እኩል አይቆጣጠርም። በማክፈርሰን አሠራር ሞላውን ከሾክ አብዞርበሩ ለመነጠል ልዩ መጨመቂያ ያስፈልጋል። የታመቀ ሞላ በድንገት ቢለቀቅ ሰው ሊገድል ስለሚችል ያለ መሣሪያው መሞከር አይገባም። የቦል ጆይንትና የታይሮድ ዳዶ እንዳይፈታ የሚቆልፈው ሽቦ ወይም ራሱን የሚቆልፈው ዳዶ በአዲስ ይተካል። አርም፣ ታይሮድ ወይም ሾክ አብዞርበር ከተለወጠ በኋላ የጎማ አላይመንት ይሠራል።

በአዲስ አበባ መርካቶ ሶማሌ ተራን በመሳሰሉ ቦታዎች ያገለገሉ የመኪና ዕቃዎች ይሸጣሉ። ያገለገለ አርም ካልተጣመመና ካልተሰነጠቀ ሊያገለግል ይችላል። የቦል ጆይንት ውስጣዊ መበላት ግን ከውጭ ስለማይታይ ያገለገለ መግጠም አንድን ጥርጣሬ በሌላ መተካት ነው።

የጭነት መኪናዎች

እንደ አይሱዙ ኤንፒአርና ሲኖትራክ ያሉ የጭነት መኪናዎች በፊት በኩል በአብዛኛው ወጥ አክሰልና ባሌስትራ አላቸው። በእነዚህ ላይ ድምፁ የሚመጣው ከባሌስትራው ጫፍ ፒኖችና ቡሾች፣ ጎማው ከሚዞርበት ኪንግ ፒን ወይም ባሌስትራውን ከአክሰሉ ጋር ከሚያስሩት እንደ ፈረስ ኮቴ የታጠፉ ቡሎኖች ነው። ፒኖቹና ኪንግ ፒኑ የግሪስ መግቢያ ካላቸው በየጊዜው ግሪስ ይሰጣቸዋል። የታጠፉት ቡሎኖች ከላሉ ቅጠሎቹን አንድ ላይ የሚይዘው የመሐል ቡሎን ሊቆረጥ ይችላል፤ ያኔ አክሰሉ ወደ ኋላ ተንሸራትቶ መኪናው ወደ አንድ ጎን ይጎትታል። ባሌስትራ ከተለወጠ በኋላ ቡሎኖቹ ጥቂት ከተነዳ ወዲህ እንደገና የሚጠብቁት ለዚህ ነው።

መንገድ የማያስቀጥሉ ምልክቶች

የላላ የስታብላይዘር ማገናኛ፣ የደረቀ ቡሽ ወይም የሚጮኽ የላይኛው መቀመጫ ምቾት ይነሳል፤ ሆኖም በዝግታ ተነድቶ እስከሚቀጥለው ጋራዥ ሊደረስበት ይችላል። የደከመ ሾክ አብዞርበር ጎማው ከመንገዱ ጋር ያለውን ግንኙነት ስለሚቀንስ ለረጅም ጉዞ አይመችም። የሚላወስ ቦል ጆይንት፣ የሚላወስ ታይሮድ፣ የተሰበረ ሞላ ወይም የተቆረጠ የባሌስትራ ቅጠል ግን መኪናውን እዚያው ያስቆማል። ቦል ጆይንት ከመቀመጫው ከወጣ ጎማው ወደ ውጭ ተጣጥፎ ይወድቃል፤ የታይሮድ ጫፍ ከተላቀቀ ደግሞ አንዱ ጎማ መሪውን መታዘዝ ያቆማል። ሁለቱም ይበልጥ የሚያሰጉት ጫናው በሚበዛበት ጊዜ፣ ማለትም ፍሬን ተይዞ ኩርባ ሲዞር ነው።

በኢትዮጵያ ለቦሎ የሚደረገው ዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራ የሚያሳየው መኪናው በተመረመረበት ቀን የነበረውን ሁኔታ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ የሚከታተለው ሾፌሩ ነው። ከደብረ ማርቆስ በኩል ለሚመጣ መኪና ደጀን ከቁልቁለቱ በፊት ያለች የመጨረሻዋ የደጋ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ በኩል ለሚመጣው ይህን ቦታ የምትይዘው ጎሐ ጽዮን ናት። አዲስ ድምፅ የሰማ ሾፌር ጎማውን ለመነቅነቅና ከሥር ለማየት የሚያጠፋው ግማሽ ሰዓት ከሁለቱ ከተሞች በአንዱ ላይ ይገኛል፤ ከአፋፉ በታች ግን መኪናን በደልዳላ መሬት አቁሞ በክሪክ ለማንሳት የሚመች ቦታ ማግኘት አስቸጋሪ ነው።